ክፍት የኢ-መጽሐፍ መስፈርት እያለ አንድ መጽሐፍ በየማንበቢያው ለምን ሌላ መልክ ይይዛል?

ጠያቂ፦ ነጠላ ሰረዝ

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት አምስት ወራት አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ በኢፐብ፣ ክፍት በሆነው የኢ-መጽሐፍ ፎርማት፣ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። መጽሐፉ አራት መቶ ገደማ የግርጌ ማስታወሻዎች፣ ሠላሳ ያህል ሠንጠረዦችና በየምዕራፉ ተበትነው የሚገኙ የሒሳብ ቀመሮች አሉት። የመስፈርቱን ዝርዝር ከፊቴ አስቀምጬ፣ የሚያዝዘውን እያደረግሁ፣ የሚከለክለውን እየተውሁ ነው የሠራሁት። በመጨረሻ ፋይሉን መስፈርቱን ማሟላቱን በሚመረምረው ኢፐብቼክ በተባለው መሣሪያ አስፈተሽሁት፤ ስህተት ይቅርና አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳን አልወጣበትም።

ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉን በሦስት ማንበቢያዎች ስከፍተው ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ሆኖ አገኘሁት። የግርጌ ማስታወሻዎቹን ከየአንቀጻቸው ሥር አስቀምጬ፣ ማስታወሻ መሆናቸውንም መስፈርቱ ባዘጋጀው ምልክት ለይቻቸዋለሁ። በመጀመሪያው ማንበቢያ ቁጥሩ ሲነካ ማስታወሻው በትንሽ ሣጥን ብቅ ይላል፤ አንባቢው አንብቦ ሲዘጋው እዚያው የነበረበት ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። በሁለተኛው ማስታወሻዎቹ ሁሉ በአንቀጾቹ መካከል ተዘርግተው የዋናው ጽሑፍ አካል መስለው ይነበባሉ። በሦስተኛው ደግሞ ማስታወሻዎቹ ተደብቀዋል፤ ቁጥሩ ሲነካ ግን የሚከፈት ነገር የለም። በዚህ ማንበቢያ ለሚያነብ ሰው አራት መቶዎቹ ማስታወሻዎች ጨርሶ አልተጻፉም ማለት ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ የቀመሮቹ ነገር ነው። ቀመሮቹን የጻፍኋቸው በማትኤምኤል ነው፤ ኢፐብ 3 የተቀበለው የሒሳብ አጻጻፍ እሱ ስለሆነ። በአንደኛው ማንበቢያ የክፍልፋዩ መስመር ጠፍቶ ከላይና ከታች የነበሩት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ሁለተኛ ብዬ የጻፍሁት «12» ሆኖ ይታያል። ተማሪው ግማሽን ማንበብ ሲገባው አሥራ ሁለትን ያነባል፤ ስህተት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድም የለውም። ይህን የመልክ ጉድለት ብሎ ማለፍ አልችልም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የመስፈርቱ ነው ወይስ የማንበቢያ ሠሪዎቹ? ለእያንዳንዱ ማንበቢያ የተለየ ፋይል እንዳዘጋጅ የመከሩኝ አሉ፤ እንደዚያ የምሠራ ከሆነ ግን የጋራ መስፈርት መኖሩ ምን ይጠቅመኛል? ወደ ኢፐብ 2 መመለስስ መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ ዳር ህዳግ

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ኢፐብቼክ የፈተሸልዎት የውሉን ግማሽ ነው። መስፈርቱ ሁለት ወገኖችን ያስራል፤ አንዱ መጽሐፉ ነው፣ ሌላው ማንበቢያው። መጽሐፉ ግዴታውን መወጣቱን የሚመረምር መሣሪያ ከድሮ ጀምሮ አለ፤ ማንበቢያው ግዴታውን መወጣቱን አረጋግጦ «ይህን አላሟላህም» የሚል አካል ግን ለረጅም ዘመን አልነበረም። በእኔ እምነት የዚህ ፎርማት ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ሌሎቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ከአመጣጡ ነው። የመጀመሪያው መስፈርት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በኋላ ኦፕን ኢቡክ ፎረም በተባለው ማኅበር ሲወጣ የታሰበው በአንባቢው እጅ እንዲገባ አልነበረም። አሳታሚው መጽሐፉን በአንድ የጋራ ቅርጽ አዘጋጅቶ ለየኩባንያው ይሰጣል፤ ኩባንያው ወደ ራሱ ፎርማት ቀይሮ ይሸጣል፤ የማይክሮሶፍት ሪደርም የሞቢፖኬትም ፎርማቶች ከዚሁ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ፋይሎቹን በአንድ ጥቅል አሽጎ ማስተላለፊያው ደንብ ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ኢፐብ 2 በመስከረም 2007 ሲወጣ፣ የማኅበሩ ስም አስቀድሞ ተቀይሮ፣ ፎርማቱም በቀጥታ ለአንባቢው የሚደርስ ሆነ። የመስፈርቱ አስተሳሰብ ግን እንደ ዱሮው በአዘጋጁ ላይ ያተኮረ ሆኖ ቀረ። መጽሐፉ «ግድ» ይባላል፤ ማንበቢያው «ቢችል» ይባላል።

ይህ «ቢችል» የሚለው ቃል ምን ያህል ቦታ እንደያዘ የሚታወቀው ዝርዝሩን ቁጭ ብለው ሲያነቡት ነው። የግርጌ ማስታወሻን ይውሰዱ። መስፈርቱ «ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው» ብለው ምልክት እንዲያደርጉበት ቃል አዘጋጅቶልዎታል፤ ማንበቢያው ያን ምልክት ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አላዘዘም። ሣጥን መክፈት፣ መደበቅ፣ እንዳላየ ማለፍ ሁሉም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ እርስዎ ያዩዋቸው ሦስቱ ማንበቢያዎች፣ ሦስተኛው ጭምር፣ በደንቡ ፊደል ብንይዛቸው አጥፍተዋል ማለት ይከብዳል። ቪዲዮም እንደዚያው ነው። ኢፐብ 3 ቪዲዮን ፈቀደ፤ ሁሉም ማንበቢያ ሊያጫውተው የሚገደድበትን አንድ የቪዲዮ ዓይነት ግን አልወሰነም። በገጹ ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚጻፉበት ጃቫስክሪፕትም እንዲሁ ለማንበቢያው ምርጫ የተተወ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ያልበሰለ ነገር ላይ መመሥረት ነው። ኢፐብ 3.0 በጥቅምት 2011 ሲጸድቅ የተመሠረተበት የድር ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል 5፣ ገና ረቂቅ ነበር፤ የጸደቀው በ2014 ነው። ከላይ ወደ ታች ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚያስፈልገው የሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው የድር ደንብ) ክፍል ደግሞ የመጨረሻ መልኩን ያገኘው በታኅሣሥ 2019 ነው። የመስፈርቱ ጸሐፊዎች ያን ሁሉ ዓመት መጠበቅ አልቻሉም፤ የጃፓን አሳታሚዎች የቁም ጽሑፍ በአስቸኳይ ይፈልጉ ነበርና አልፈርድባቸውም። ያደረጉት ነገር የረቂቁን ትእዛዞች ወስዶ በፊታቸው «ኢፐብ» የሚል ቅድመ ቅጥያ መለጠፍ ነበር። የድር አሳሾቹ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ መጻሕፍቱ ግን በቅድመ ቅጥያው ተጽፈው አልቀው ነበር። ዛሬም አዲስ ማንበቢያ የሚሠራ ሰው እነዚያን የቆዩ ትእዛዞች መሸከም አለበት።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የሆነው ነው። ኢፐብ 3.1 የተከመረውን አሮጌ ነገር ለማጽዳት ተነሣ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በመጽሐፉ ጥቅል ውስጥ የሚጻፈውን የሥሪት ቁጥር ስለቀየረ 3.1 የተባለ መጽሐፍ ለ3.0 ተብሎ በተሠራ ማንበቢያ ፊት ባዕድ ሆነ። አሳታሚው ማንበቢያ እስኪኖር፣ ማንበቢያ ሠሪው ደግሞ መጽሐፍ እስኪኖር ጠበቀ፤ ሁለቱም እንደተጠባበቁ ቀሩ። በ2019 የወጣው 3.2 ከ3.0 ጋር ወደሚስማማው መንገድ ተመለሰ፤ አሁን የምንሠራባቸው መጻሕፍት የ3.3ን ደንብ ቢከተሉም በጥቅላቸው ውስጥ የሚጽፉት ቁጥር «3.0» ነው። ይህን የምጠቅሰው ወደ ኢፐብ 2 ስለመመለስ ለጠየቁት መልስ ስለሚሆን ነው፦ የአሁኖቹ ማንበቢያዎች ኢፐብ 3ን ይከፍታሉ፤ ለአሮጌዎቹ ደግሞ የኢፐብ 2ን ማውጫ ጨምረው ማኖር ይችላሉ። ወደ ኋላ ሲመለሱ የሚያጡት ቀመሩን፣ የተሻለውን ማውጫና ለዓይነ ስውራን የሚጠቅሙትን ምልክቶች ነው፤ የሚያገኙት ግን እምብዛም ነው።

መልስ፦ ቋሚ ዓምድ

እኔ ለአንድ የማንበቢያ ሶፍትዌር የገጽ አሠራሩን ክፍል ከሚጽፉት አንዱ ነበርሁ፤ ስለዚህ ከዳር ህዳግ ጋር በብዙው ብስማማም በማንበቢያ ሠሪዎች በኩል ያለውን ልጨምር።

«ቢችል» የሚለው ቃል በስንፍና የገባ አይደለም። በ2007 መስፈርቱን ሊያነቡ የነበሩት መሣሪያዎች በኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚሠሩ፣ ማህደረ ትውስታቸው ጠባብ፣ አንጎለ ኮምፒውተራቸው ደካማ የሆኑ ነበሩ። አንድ ምዕራፍ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት ካለፈ መክፈት የሚያቅታቸው ነበሩ፤ ዛሬም አንዳንድ የመጽሐፍ መቀየሪያ ሶፍትዌሮች ረጅም ምዕራፍን በራሳቸው የሚቆርጡት ከዚያ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። ሁሉን ግዴታ ብናደርገው ኖሮ መስፈርቱን የሚያሟላ መሣሪያ ባልተገኘ ነበር። ስህተቱ ለዚያ የምሕረት ጊዜ ማብቂያ አለመቆረጡ ነው። መሣሪያዎቹ ሲጠነክሩ «ቢችል» ወደ «ግድ» መቀየር ነበረበት፤ አልተቀየረም።

አሁን ወደ ቀመሩ ልምጣ። አብዛኛው ዘመናዊ ማንበቢያ ገጹን የሚስለው ከራሱ በወጣ ኮድ ሳይሆን ከውስጡ በተቀመጠ የድር አሳሽ ሞተር ነው። ኢፐብ 3 ማትኤምኤልን የተቀበለው በ2011 ነው፤ የክሮሚየም ሞተር (የጉግል ክሮም አሳሽ የሚሠራበት) ግን ማትኤምኤልን በአግባቡ መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በወጣው 109ኛው ሥሪት ነው። በመካከል ያሉትን ከአሥር በላይ ዓመታት ይቁጠሩ። ሞተሩ የማያውቀውን መለያ ሲያገኝ መለያውን ትቶ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ያወጣል፤ «1» እና «2» ያለ መስመር ተከታትለው የመጡት በዚህ ነው። የእርስዎ «12» ስህተት ሆኖ እንኳን አይመዘገብም፤ ሞተሩ በራሱ ሕግ ትክክል ሠርቷል። መስፈርቱን የጻፉት ሰዎች የአሳሽ ሞተሮቹን የሚያዙ አልነበሩም፤ ማዘዝ በማይችሉት ነገር ላይ ተስፋ ጻፉ።

ሌላው፣ ገጽ የሚባለው ነገር በመስፈርቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ይፈስሳል ይላል፤ እንዴት ተቆርጦ ገጽ እንደሚሆን ለሠሪው ተትቷል። እኛ ያደረግነው አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን ነው፦ ምዕራፉን በሙሉ እንደ ጋዜጣ ዓምድ በጎን እንዲደረደር አድርገን አንድ ዓምድ አንድ ማያ ገጽ እንዲሞላ ማድረግ፣ አንባቢው ሲያዞር ወደሚቀጥለው ዓምድ ማንሸራተት። ለተራ ጽሑፍ መልካም ነው። ከዓምዱ የሚሰፋ ሠንጠረዥ ሲመጣ ግን የሠንጠረዡ ቀኝ ጎን ወደሚቀጥለው «ገጽ» ይፈስሳል ወይም ይቆረጣል። እኔ በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ላይ ሦስት ሳምንት ታግዬ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ሠንጠረዡን አሳንሶ ማሳየት ብቻ ነው፤ ፊደሉ ለዓይን የማይታይ ሆነ። መስፈርቱ ሁሉም ማንበቢያ ቢያንስ ሊያደርገው የሚገባውን ወስኖ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ሰፊ ሠንጠረዥ በራሱ መስኮት ይከፈታል ቢል፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር እንሠራ ነበር።

የአዘጋጁ በኩል ያለውን ጭካኔም አውቀዋለሁ፤ የራሴን መጽሐፍ ስሠራ ደርሶብኛልና። የኢፐብ ጥቅል የዚፕ ፋይል ነው፤ በውስጡ የመጀመሪያው ፋይል የፎርማቱን ዓይነት የሚናገር፣ በትክክል 20 ባይት የሚረዝም፣ ያልተጨመቀ አንድ መስመር መሆን አለበት። ይህ የሆነው ማንኛውም ፕሮግራም ዚፑን ሳይፈታ 38 ባይት ዘልሎ ያን መስመር እንዲያነብና ኢፐብ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከፍቶ አንድ ፊደል አርሞ በተለመደው መጨመቂያ መልሶ ያሸገ ሰው ሁሉ ይህን ሕግ ሳያውቅ ያፈርሰዋል። አንዱ ማንበቢያ ችላ ብሎ ይከፍታል፣ ሌላው «የተበላሸ ፋይል» ብሎ ይመልሳል። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን አንድ ነጥብ አልጎደለም።

ከዚያ የባሰው የፎንቱ ነው። ደንቡ የፎንት ፋይል በቀላሉ ተቀድቶ እንዳይወሰድ የመጀመሪያዎቹን 1040 ባይቶች ከመጽሐፉ መለያ ቁጥር በሚወጣ ቁልፍ እንዲደበላለቁ ይፈቅዳል። ከዚህ ሌላ አንድ ኩባንያ ያመጣው፣ 1024 ባይት ላይ የሚያበቃ ዘዴም በሥራ ላይ ውሏል። እኔ መጽሐፉን ጨርሼ፣ ፎንቱ ከተደበላለቀ በኋላ፣ የአሳታሚው ቋሚ ቁጥር ስለመጣ የመለያውን መስመር ቀየርሁት። ቁልፉ ከመለያው ጋር የተሳሰረ መሆኑን ረስቼ ነበር። ፎንቱ ሊፈታ አልቻለም፤ በአንዳንዱ ማንበቢያ በመሣሪያው ፎንት ተተካ፣ በመሣሪያው ላይ የግዕዝ ፎንት በሌለበት ግን ገጹ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆነ። ሁለት ቀን የፈለግሁት ስህተት አንድ ሰው በጎ አስቦ የጻፈው ሜታዳታ (ስለ መጽሐፉ የሚናገረው መረጃ) ውስጥ ነበር።

የግዕዝ ፊደል ካነሣሁ አይቀር፣ የሲኤስኤስ ደንብ የግዕዙን ሁለት ነጥብ እንደ ቃል መለያያ ይቆጥረዋል፤ በወረቀት ላይ ያለው ደንብ መልካም ነው። ሆኖም በሁለት ነጥብ የተለያየ ጽሑፍ በሁለቱ ጎን እኩል እንዲሆን ሲታዘዝ ሁሉም ማንበቢያ ክፍተቱን በነጥቡ ዙሪያ ያከፋፍላል ብላችሁ አትመኑ፤ በየማንበቢያው ሞክሩት።

መልስ፦ ድምፀ ንባብ

ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በማዘጋጀት ሥራ ላይ ነኝ። ለኛ ይህ ጉዳይ ከምቾት ያለፈ ነው፤ ለአንባቢው ያለው መንገድ ይህ ፎርማት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ እጨምራለሁ።

አንደኛው፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እንድንናገር መገደዳችን ነው። ኢፐብ የምዕራፍ፣ የማስታወሻ፣ የመዝገበ ቃላት ክፍል መሆኑን የሚናገርበት የራሱ ምልክት አለው፤ ማያ ገጽ አንባቢ ሶፍትዌሮች ግን ይህን ምልክት አይሰሙትም። እነሱ የሚሰሙት አሪያ የሚባለውን የድር ደንብ ነው፤ ለመጻሕፍት የሚሆነው የአሪያ ክፍል የጸደቀው በ2017 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ጠያቂው አራት መቶ ማስታወሻ ካላቸው ለእያንዳንዱ ሁለት ምልክት መጻፍ አለባቸው፤ አንዱን ለማንበቢያው፣ ሌላውን ለማያ ገጽ አንባቢው። አንዱን የረሳ አዘጋጅ በኢፐብቼክ ላይ አይያዝም፤ ያልታየው ነገር የሚሰማው ዓይነ ስውሩ ተማሪ «ማስታወሻ» የሚል ድምፅ ሳይሰማ ባዶ ቁጥር ሲነበብለት ነው።

ሁለተኛው የመብት መቆለፊያው፣ ዲአርኤም የምንለው ነው። መስፈርቱ በጥቅሉ ውስጥ ለመቆለፊያው ቦታ አዘጋጀ፤ ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚገባበት ግን አልተናገረም። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች ሁለቱም «ኢፐብ» የተባለ መጽሐፍ ከሁለት ሻጮች ገዝተው አንዱ በሌላው ማንበቢያ ሊከፍተው አይችልም። ውስጡ ክፍት መስፈርት ነው፤ በሩ ግን የየኩባንያው ነው። ለዓይነ ስውር አንባቢ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ መጽሐፉ በሚገባ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ መቆለፊያው የሚከፍተው ብቸኛ ማንበቢያ ከማያ ገጽ አንባቢው ጋር የማይነጋገር ከሆነ፣ ወደሚነጋገረው ማንበቢያ መጽሐፉን ይዞ መሄድ አይችልም። የማንበቢያ ሶፍትዌር በሚያዘጋጀው ሪዲየም በኩል የተዘጋጀው ኤልሲፒ የሚባለው መቆለፊያ ይህን ለማቃለል የተነደፈ ነው፤ ደንቡ የታተመ ስለሆነ ከአንድ በላይ ማንበቢያዎች ተቀብለውታል። ሲጀመር ቢታሰብበት ኖሮ ግን ብዙ ሰው ከብዙ መጽሐፍ ጋር ባልተራራቀ።

የተሻሻለ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ፎርማቱ በ2017 መጀመሪያ የድር መስፈርቶችን ወደሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ ከተዛወረ ወዲህ የተጻፈው ኢፐብ 3.3 በግንቦት 2023 የጸደቀው እያንዳንዱ ደንብ በሥራ ላይ መዋሉ በፈተና ፋይሎች ከተሞከረ በኋላ ነው። በበቂ ሁኔታ ያልተተገበሩትንም «በበቂ ያልተተገበረ» የሚል ምልክት አድርጎባቸዋል። ዳር ህዳግ የለም ያሉት የማንበቢያ ፈተና በዚህ ተጀምሯል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ደግሞ ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ በኢ-መጽሐፍም በማንበቢያ ሶፍትዌርም ላይ ይሠራል። መስፈርቱ ለማንበቢያው «ቢችል» ያለውን ሕጉ «ግድ» ሊለው የጀመረ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦ ነጠላ ሰረዝ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥፋቱን በራሴ ላይ ስፈልግ የባከኑትን ሳምንታት አሁን ተረድቻቸዋለሁ። ነገር ግን መጽሐፉ በሚቀጥለው ወር ለተማሪዎች መድረስ አለበት። ሌሊቱን ያሰብሁት ቀመሮቹን ሁሉ በሥዕል መተካት ነው፤ ሥዕል በየትኛውም ማንበቢያ አንድ ዓይነት ይታያልና። ማስታወሻዎቹን ደግሞ ሁሉንም በቅንፍ ወደ ጽሑፉ ማስገባት። ይህ ትክክል ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ድምፀ ንባብ

እባክዎ ቀመሮቹን ሁሉ ሥዕል አያድርጓቸው። ሥዕል ለሚያይ ሰው ብቻ ነው አንድ ዓይነት የሚሆነው፤ ፊደሉን አምስት እጥፍ አጉልቶ ለሚያነብ ሰው ይደበዝዛል፣ በጆሮው ለሚያነብ ሰው ደግሞ በእጅ የተጻፈ ማብራሪያ ከሌለው ዝምታ ነው። ማትኤምኤልን በሚያውቅ ማንበቢያ የሚያነብ ተማሪ የማትኤምኤሉን ቀመር ክፍል በክፍል በድምፅ ሊያስሰው ይችላል፤ ይህን ዕድል ከእሱ አይውሰዱበት።

መልስ፦ ቋሚ ዓምድ

ከሁለቱም ጽንፍ መካከል መንገድ አለ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር።

በመጀመሪያ በቀመሮቹ ውስጥ ያሉትን ቀላል ክፍልፋዮች ከማትኤምኤል አውጥቼ በተራ ጽሑፍ፣ በሰያፍ መስመር «1/2» ብዬ እጽፋቸዋለሁ። ከአንድ መስመር የማያልፍ ነገር መለያውን ለማያውቅ ሞተር ቢሰጥም የሚጠፋ ነገር የለውም፤ የድምፅ አንባቢውም ያነበዋል። ይህን ሲያደርጉ ምናልባት ከቀመሮቹ ብዙዎቹ ያልቃሉ። የተቀሩትን፣ ሥርና ድምር ምልክት ያለባቸውን፣ በማትኤምኤል ትቼ በእያንዳንዱ ላይ በቃላት የተጻፈ አማራጭ ጽሑፍ አስገባለሁ። ከዚያም መስመሩ ቢጠፋ ትርጉሙ የሚገለበጥበትን ቀመር ለይቼ፣ ለእሱ ብቻ ከሥሩ በዐረፍተ ነገር እደግመዋለሁ፤ «የሁለቱ ድምር ለሦስት ሲካፈል» ብሎ መጻፍ ለማስተማሪያ መጽሐፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ እንዲያውም ለተማሪው ይጠቅመዋል።

ማስታወሻዎቹን በቅንፍ አያስገቡ፤ አራት መቶ ቅንፍ ዋናውን ጽሑፍ ያንቀዋል። ይልቅ ከየአንቀጹ ሥር አንሥተው በየምዕራፉ መጨረሻ «ማስታወሻዎች» በሚል ርእስ በተራ ዝርዝር ያስቀምጧቸው፤ ማንበቢያው ሊደብቀው በሚችለው መለያ ውስጥ አይክተቷቸው። በእያንዳንዱ ማስታወሻ መጨረሻ ወደ መጣበት ቁጥር የሚመልስ ማስፈንጠሪያ ያድርጉ። ድምፀ ንባብ ያሉትን ሁለቱንም ምልክቶች በቁጥሩ ላይ ይጻፉ። ሣጥን መክፈት የሚችለው ማንበቢያ ይከፍታል፤ የማይችለው ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ይወስድና በማስፈንጠሪያው ይመልሳል። ማስታወሻ የሚጠፋበት አንባቢ ግን አይኖርም። አራት መቶውን በእጅ መቀየር አይጠበቅብዎትም፤ አሁን ያሉት ሁሉ በአንድ ዓይነት ምልክት የተለዩ ስለሆኑ በመፈለጊያና መተኪያ፣ ወይም በአጭር ስክሪፕት በአንድ ቀን ያልቃል።

ሠንጠረዦቹን አልጠየቁም፤ ከአራት ዓምድ በላይ የሆኑትን ግን ለሁለት ይክፈሏቸው፣ የመጀመሪያውን ዓምድ በሁለቱም ላይ ይድገሙት።

ፋይሉን ስታሽጉም የዚፑን የመጀመሪያ መስመር በሚያውቅ የኢፐብ ማዘጋጃ ይሁን። የመለያ ቁጥሩን ከአሳታሚው አሁኑኑ ይቀበሉና ፎንቱ ከመደበላለቁ በፊት በሜታዳታው ውስጥ ያስገቡት። ሲጨርሱ በእነዚያው ሦስት ማንበቢያዎች ከፍተው መጀመሪያ ያን «12» ያዩበትን ገጽ ይመልከቱ፤ እሱ ከተስተካከለ ሌላው አብሮ የተስተካከለ መሆኑን ለመመርመር ጥሩ መነሻ ይሆንዎታል። ውጤቱን እዚሁ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል፤ በተለይ ሦስተኛው ማንበቢያ በማስታወሻዎቹ ምን እንዳደረገ።